ጂጎሮ ካኖ፡- የፍልሚያን ጥበብ ወደ ትምህርት የለወጡ መምህር

ከቦሌ እስከ ገርጂ፣ ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲና አያት በተዘረጋው የአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ቀኑ መሸት ሲል ነጭ የልምምድ ልብሳቸውን በቦርሳ ሸክፈው ወደ ማሠልጠኛ አዳራሽ የሚያመሩ ታዳጊዎችን ማየት የተለመደ ነው። ገሚሶቹ ቴኳንዶ፣ ገሚሶቹ ካራቴ ይማራሉ። የሚማሩት ስፖርት ቢለያይም ሁሉም ወገባቸውን በቀበቶ ይታጠቃሉ፤ የቀበቶው ቀለምም ባለቤቱ የደረሰበትን የትምህርት ደረጃ ያመለክታል። ነጭ የታጠቀው ጀማሪ ነው፤ ጥቁር የታጠቀውን ደግሞ ታናናሾቹ ጎንበስ ብለው በአክብሮት ሰላምታ ይሰጡታል።

ይህ የደረጃና የቀበቶ ሥርዓት የመነጨው ቴኳንዶ ከተወለደባት ኮሪያም ሆነ ካራቴ ካደገባት የኦኪናዋ ደሴት አይደለም። መነሻው ጁዶ ነው። ሥርዓቱን የዘረጉት ደግሞ ከ140 ዓመታት በፊት በቶኪዮ ከተማ ከአንድ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ጥቂት ክፍሎችን ተከራይተው ማስተማር የጀመሩት ጃፓናዊው ምሁር ጂጎሮ ካኖ ናቸው።

ጂጎሮ ካኖ እ.ኤ.አ በ1860 ዛሬ የኮቤ ከተማ አካል በሆነችው ሚካጌ በምትባል የባሕር ዳርቻ መንደር ተወለዱ። ቤተሰባቸው ሳኬ የተሰኘውን የጃፓናውያን የሩዝ መጠጥ በመጥመቅና በመነገድ የታወቀ ባለጸጋ ነበር። እናታቸውን ገና በልጅነታቸው በሞት አጡ። በኋላም በመንግሥት ሥራ ላይ የነበሩት አባታቸው ወደ ቶኪዮ ወስደው ጥሩ ትምህርት ቤት አስገቧቸው።

ካኖ ያደጉበት ዘመን ለጃፓን የታላቅ ለውጥ ዘመን ነበር። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በተሰዉበት እ.ኤ.አ በ1868 በጃፓንም ለዘመናት የገዛው የሾጉኖች አገዛዝ አክትሞ ሥልጣን ወደ ንጉሠ ነገሥት ሜጂ ተመለሰ። አዲሱ መንግሥት ሀገሪቱን እንደ አውሮፓውያን ዘመናዊ ለማድረግ ቆርጦ ተነሳ። ባቡር፣ ቴሌግራፍ፣ ዘመናዊ ጦርና ትምህርት ቤት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ገቡ። ሳሙራይ የተባሉት የቀድሞ ተዋጊዎችም ልዩ መብታቸውን አጡ፤ እ.ኤ.አ በ1876 ሰይፍ መታጠቅ ሳይቀር ተከለከሉ።

ከሳሙራዮቹ ጋር አብሮ የወደቀ አንድ ሙያ ነበር፤ ይኸውም ጁጁትሱ ነው። ጁጁትሱ አንድ ተዋጊ መሣሪያው ከእጁ በወደቀ ጊዜ ባላጋራውን ጠልፎ የሚጥልበት፣ አንገቱን የሚያንቅበት፣ መገጣጠሚያውን የሚጠመዝዝበት ጥንታዊ የእጅ በእጅ ፍልሚያ ነው። በመላ ጃፓን እጅግ በርካታ የጁጁትሱ ዘርፎች የነበሩ ሲሆን እያንዳንዱ ዘርፍ የራሱን ምሥጢር ከአባት ወደ ልጅ፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ያስተላልፍ ነበር። የአዲሱ ዘመን ሰው ግን ወደ ምዕራቡ ዓለም እንጂ ወደ ኋላ መመልከት አልፈለገም። የጁጁትሱ መምህራን ተማሪ አጡ። ብዙዎቹ የተሰበረ አጥንት እየጠገኑ፣ የወለቀ እያሹ በወጌሻነት ኑሯቸውን ለመግፋት ተገደዱ።

ወጣቱ ካኖ ጁጁትሱን የፈለጉት በቸገራቸው ጊዜ ነበር። በቀለም ትምህርታቸው ከእኩዮቻቸው የላቁ፣ በእንግሊዝኛ ቋንቋም የተካኑ ቢሆኑም ቁመታቸው አጭር፣ ሰውነታቸውም ደቃቃ ነበር። ለአካለ መጠን ከደረሱ በኋላም ቁመታቸው ከአንድ ሜትር ከ60 ሴንቲ ሜትር አላለፈም። በአዳሪ ትምህርት ቤት ጉልበተኛ ተማሪዎች ያንገላቷቸው ነበር። ደካማ ሰው ጉልበተኛውን የሚያሸንፍበት ጥበብ መኖሩን በሰሙ ጊዜ ለመማር ቆረጡ። አባታቸው ግን ጊዜው ያለፈበት ነገር ነው በማለት አልደገፏቸውም።

እ.ኤ.አ በ1877 ወደ ቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ፍለጋቸውን ቀጠሉ። ጁጁትሱ የሚያውቁ ሰዎች በወጌሻነት ይተዳደራሉ መባሉን ሰምተው ስለነበር፣ በከተማው የወጌሻ ምልክት የተሰቀለበትን በር ሁሉ እያንኳኩ ጠየቁ። በመጨረሻም ሃቺኖሱኬ ፉኩዳ ከተባሉ የቴንጂን ሺንዮ ዘርፍ መምህር ዘንድ ደረሱ። የፉኩዳ አስተማሪነት እንደ ዘመኑ ልማድ በማብራራት ሳይሆን በማሳየት ላይ የተመሠረተ ነበር። ካኖ አንድ አጣጣል እንዴት እንደሚሠራ ሲጠይቁ መምህሩ መልስ በመስጠት ፋንታ አንስተው ይጥሏቸው ነበር። ደግመው ሲጠይቁ ደግመው ይጥሏቸዋል። ሰውነት በብዙ መውደቅ እንደሚማር ካኖ በዚያ ቤት ተረዱ። እግረ መንገዳቸውንም ምክንያቱን የሚያስረዳ መምህር ቢኖር ትምህርቱ ምን ያህል ሊፈጥን እንደሚችል አሰቡ።

ፉኩዳ እ.ኤ.አ በ1879 ሲያርፉ ካኖ ወደ ሌላው የዘርፉ መምህር ማሳቶሞ ኢሶ፣ እርሳቸውም ሲያርፉ የኪቶ ዘርፍ መምህር ወደነበሩት ቱኔቶሺ ኢኩቦ ዘንድ ሄደው ተማሩ። የመጀመሪያው ዘርፍ ባላጋራን መሬት ላይ ይዞ ማስቀረትን፣ ማነቅንና መምታትን፣ ሁለተኛው ደግሞ ቆሞ መጣልን አጠናክሮ ያስተምር ነበር። በዚሁ ጊዜ በዩኒቨርሲቲው የፖለቲካ ሳይንስ፣ የኢኮኖሚክስና የፍልስፍና ትምህርታቸውን አጠናቀቁ። ቀን የምዕራባውያንን ፈላስፎች እያነበቡ፣ ማታ የጥንት ተዋጊዎችን ጥበብ እየተለማመዱ መኖራቸው ሁለቱን በአንድ ዓይን የመመልከት ልምድ አሳደረባቸው።

እ.ኤ.አ በ1882 የ21 ዓመቱ መምህር ካኖ፣ በቶኪዮ ከተማ ሺታያ በተባለው ሰፈር በሚገኘው የኤይሾጂ ቤተ መቅደስ የራሳቸውን ማሠልጠኛ ከፈቱ። አዳራሹ የሚነጠፈው ታታሚ የተባለ የሣር ምንጣፍ ቁጥሩ 12 ብቻ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት የተመዘገቡት ተማሪዎችም ዘጠኝ ነበሩ። ማሠልጠኛውን መንገዱ የሚጠናበት ቤት የሚል ትርጉም ያለውን ኮዶካን የሚል ስም ሰጡት። ልምምዱ ሲጋጋል የቤተ መቅደሱ ወለል ይንቀጠቀጥ፣ ለሙታን መታሰቢያ የተቀመጡ ጽላቶች ከመደርደሪያቸው ይወድቁ ስለነበር የቤተ መቅደሱ አለቃ መማረራቸው አልቀረም።

ካኖ ያስተማሩትን ጥበብ ጁጁትሱ ብለው አልጠሩትም። ጁ የሚለው ቃል ልስላሴን ወይም እሺ ባይነትን፣ ጁትሱ ደግሞ ስልትን ያመለክታል። እርሳቸው ስልት የሚለውን ትተው መንገድ የሚል ፍቺ ያለውን ዶ የሚለውን ቃል አስከተሉበት። ቃሉ ከእርሳቸው በፊት በአንድ ጥንታዊ ዘርፍ ይሠራበት የነበረ ቢሆንም አዲስ ትርጉም የሰጡት ካኖ ናቸው። ስልት ጠላትን ለማሸነፍ ያገለግላል፤ መንገድ ግን ሰው ዕድሜ ልኩን የሚጓዝበት ነው። ካኖ ሊያስተምሩ የፈለጉት ይህንን ሁለተኛውን ነበር።

የጁዶ መሠረታዊ መርህ በቀላል ስሌት የሚገለጽ ነው። የአንዱ ጉልበት አሥር፣ የሌላው ሰባት ቢሆንና ጉልበተኛው ቢገፋ፣ ደካማው ባለ በሌለ ኃይሉ ቢመክት እንኳ መሸነፉ አይቀርም። ከመመከት ይልቅ ወደ ኋላ ፈቀቅ ቢል ግን ገፊው በራሱ ግፊት ተስቦ ሚዛኑን ይስታል። ሚዛኑን የሳተ ሰው የአሥር ጉልበት ቢኖረውም ለጊዜው የሚጠቀምበት ሦስቱን ብቻ ነው። ያን ጊዜ ባለ ሰባቱ ከግማሽ ባነሰ ጉልበት ሊጥለው ይችላል። ካኖ ከማንኛውም አጣጣል በፊት የባላጋራን ሚዛን ማናጋት እንደሚቀድም በጥናት ደረሱበት። ይህንኑ ዕውቀት ይዘው ከመምህራቸው ከኢኩቦ ጋር በገጠሙ ጊዜ ደጋግመው ጣሏቸው። መምህሩም ከዚህ በኋላ የሚያስተምሩት እንደሌላቸው ተገንዝበው የዘርፉን ሙሉ የማስተማር ፈቃድ ሰጧቸው።

ካኖ ከልዩ ልዩ ዘርፎች የተማሩትን እየመረመሩ፣ የሚጠቅመውን እየያዙ፣ አደገኛውን እየለዩ በሥርዓት አደራጁት። መምታትና መርገጥን ከነጻ ልምምድ አውጥተው አስቀድሞ በተወሰነ የእንቅስቃሴ ቅደም ተከተል ብቻ እንዲጠኑ አደረጉ። በዚህም ተማሪዎች ሳይጎዳዱ በሙሉ ኃይላቸው መታገል ቻሉ። ከሁሉ አስቀድሞ ለጀማሪ የሚሰጠው ትምህርት መጣል ሳይሆን መውደቅ ሆነ። ተማሪው ጭንቅላቱን ሳይመታ፣ ክንዱን ምንጣፉ ላይ እያሳረፈ መውደቅን ካልቻለ ወደ ቀጣዩ ትምህርት አይሸጋገርም። ጣዩም ቢሆን የወደቀውን ሰው እጅጌ ይዞ የመደገፍ ኃላፊነት አለበት። በጥንቱ ፍልሚያ ተሸናፊው የሚጠፋ ጠላት ነበር፤ በጁዶ ግን ያለ እርሱ መማር የማይቻል የትምህርት ባልደረባ ሆነ።

የደረጃ ሥርዓቱም የተዘረጋው በዚህ ወቅት ነበር። በቀድሞው ልማድ ተማሪ ዓመታትን ከቆየ በኋላ ነበር ጥቂት የብቃት ወረቀቶችን የሚቀበለው። ካኖ ተማሪው በየጊዜው ዕድገቱን እያየ እንዲበረታታ ዳን የሚባሉ ደረጃዎችን አወጡ። የመጀመሪያውን ዳን እ.ኤ.አ በ1883 ቱኔጂሮ ቶሚታና ሺሮ ሳይጎ የተባሉት ተማሪዎቻቸው ተቀበሉ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ባለ ዳኖች በጥቁር ቀበቶ እንዲለዩ ተደረገ። በነጭና በጥቁር መካከል ያሉት ልዩ ልዩ ቀለማት የተስፋፉት ጁዶ ወደ አውሮፓ ከተሻገረ በኋላ ነው።

የኮዶካን ዝና በጃፓን የናኘው በ1880ዎቹ ከቀድሞዎቹ የጁጁትሱ ዘርፎች ጋር በቶኪዮ ፖሊስ አዘጋጅነት በተካሄዱ ግጥሚያዎች ነው። የካኖ ተማሪዎች በአብዛኞቹ ድል በማድረጋቸው ፖሊስ፣ የባሕር ኃይሉና ትምህርት ቤቶች ጁዶን መቀበል ጀመሩ። ከአሸናፊዎቹ አንዱ የነበረው የሳይጎ ሕይወት በኋላ ለአንድ ታዋቂ ልብ ወለድ መነሻ ሆኗል፤ ታላቁ የፊልም ባለሙያ አኪራ ኩሮሳዋም እ.ኤ.አ በ1943 የመጀመሪያ ፊልሙን የሠራው በዚሁ ልብ ወለድ ላይ ተመሥርቶ ነው።

ይሁንና ካኖ በሀገራቸው ይበልጥ የሚታወቁት በመምህርነታቸው ነው። እ.ኤ.አ ከ1889 ጀምሮ የአውሮፓን የትምህርት አሰጣጥ ለመመልከት ተጉዘው ከአንድ ዓመት በላይ ቆዩ። ሲመለሱ በመርከብ ላይ በጉልበቱ የሚመካ አንድ አውሮፓዊ ገጥሟቸው እንደጣሉት፣ ነገር ግን ጭንቅላቱ ወለሉን እንዳይመታ በእጃቸው ደግፈው እንዳስተረፉት ይነገራል። ከተመለሱ በኋላ በኩማሞቶ ከተማ የከፍተኛ ትምህርት ቤት ኃላፊ፣ ቀጥሎም እ.ኤ.አ ከ1893 ጀምሮ መምህራንን የሚያፈልቀው የቶኪዮ ከፍተኛ መምህራን ማሠልጠኛ ርእሰ መምህር ሆኑ። በመካከል አጫጭር ዕረፍቶች ቢኖሩም በዚህ ኃላፊነት እስከ 1920 ድረስ አገልግለዋል። ከእርሳቸው ዘንድ የወጡ መምህራን በመላ ጃፓን ሲሰማሩ የአካል ብቃት ትምህርትም አብሯቸው ተስፋፋ።

ካኖ የጃፓናውያን መምህር ብቻ አልነበሩም። እ.ኤ.አ በ1896 ከቻይና የመጡ የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች ተቀበሉ። ቁጥራቸው እየበረከተ ሲሄድም ለእነርሱ ብቻ የሚሆን ኮቡን የተባለ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ትምህርት ቤቱ እ.ኤ.አ በ1909 እስኪዘጋ ድረስ በሺዎች የሚቆጠሩ ቻይናውያን ተምረውበታል። በኋላ የዘመናዊው የቻይና ሥነ ጽሑፍ አባት የተባለው ሉ ሹን አንዱ ሲሆን በኮዶካንም ተመዝግቦ ጁዶ ተለማምዷል።

ተማሪዎቻቸውም ጥበቡን ይዘው ወደ ዓለም ወጡ። ዮሺትሱጉ ያማሺታ እ.ኤ.አ በ1904 ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በዋይት ሐውስ ጁዶ አስተማረ። ሚትሱዮ ማኤዳ በአሜሪካና በአውሮፓ ተዘዋውሮ በመጨረሻ ብራዚል ከተመ፤ በዚያ የዘራው ትምህርትም ዛሬ የብራዚል ጁጁትሱ ለሚባለው ስፖርት መነሻ ሆነ። እ.ኤ.አ በ1922 ጊቺን ፉናኮሺ የተባሉ የኦኪናዋ መምህር ካራቴን ለማሳየት ቶኪዮ በመጡ ጊዜ ካኖ ወደ ኮዶካን ጋብዘው አስተናገዷቸው። ፉናኮሺም የጁዶን የልምምድ ልብስና የዳን ሥርዓት ወስደው ለካራቴ አዋሉት። በኋላም ካራቴን በጃፓን የተማሩ ኮሪያውያን ይህንኑ ሥርዓት ወደ ሀገራቸው ወስደው ቴኳንዶን ባደራጁበት ጊዜ ተጠቀሙበት። የገርጂና የሲኤምሲ ታዳጊዎች ቀበቶ ከካኖ ማሠልጠኛ ጋር የሚገናኘው በዚህ መንገድ ነው።

ኢትዮጵያውያንን ይበልጥ የሚያቀርባቸው ደግሞ የማራቶን ታሪክ ነው። የዘመናዊው ኦሊምፒክ መሥራች ፒየር ደ ኩበርተን ከእስያ አባል በፈለጉ ጊዜ የተመረጡት ካኖ ነበሩ። እ.ኤ.አ በ1909 የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ የመጀመሪያው እስያዊ አባል ሆኑ። ከሁለት ዓመት በኋላም የጃፓንን አማተር ስፖርት ማኅበር አቋቁመው በፕሬዚዳንትነት መሩ። እ.ኤ.አ በ1912 በስቶክሆልም በተካሄደው ኦሊምፒክ ጃፓን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሳተፍ የልዑካን ቡድኑ መሪ እርሳቸው ነበሩ። ስፖርተኞቹ ሁለት ብቻ ሲሆኑ አንደኛው የእርሳቸው ማሠልጠኛ ተማሪ የሆነው የማራቶን ሯጭ ሺዞ ካናኩሪ ነበር።

የስቶክሆልም ማራቶን በከባድ ሙቀት የተካሄደ ሲሆን አንድ ፖርቹጋላዊ ሯጭ ሕይወቱን አጥቶበታል። ካናኩሪም በመንገድ ላይ ተዝለፈለፈ። በአካባቢው ያገኛቸው ቤተሰቦች መጠጥ ሰጥተው ካሳረፉት በኋላ ለአወዳዳሪዎች ሳያሳውቅ ወደ ሀገሩ ተመለሰ። ስዊድናውያን ለብዙ ዓመታት እንደ ጠፋ ሰው ቆጥረውት ነበር። እ.ኤ.አ በ1967 ጋብዘውት በስቶክሆልም የመጨረሻውን መስመር እንዲያልፍ ሲያደርጉ፣ ውድድሩን ለመጨረስ የወሰደበት ጊዜ 54 ዓመት ከስምንት ወር ከስድስት ቀን ከአምስት ሰዓት ከ32 ደቂቃ ከ20 ነጥብ 3 ሰከንድ ሆኖ ተመዘገበ። ካናኩሪ በሽንፈቱ ተስፋ ሳይቆርጥ ዕድሜውን ሙሉ የረጅም ርቀት ሩጫን በጃፓን በማስፋፋት ያሳለፈ ሰው ነው።

ካኖ ለጁዶ ሁለት መመሪያዎችን ያወጡት በ1920ዎቹ መጀመሪያ ነው። የመጀመሪያው ሰው የአእምሮና የአካል ኃይሉን ለመልካም ዓላማ በብቃት እንዲያውል የሚያሳስብ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ራስና ሌላው በጋራ እንዲበለጽጉ የሚያስተምር ነው። እንደ እርሳቸው እምነት ከአዳራሹ ውጪ በሥራ፣ በቤተሰብና በኅብረተሰብ ውስጥ የማይገለጥ ጁዶ ግማሽ ትምህርት ነው። በዚህም ምክንያት የኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ቢሆኑም ጁዶ የኦሊምፒክ ውድድር እንዲሆን አልተጣደፉም። ሜዳሊያ ፍለጋ ትምህርቱን እንዳይውጠው ይሰጉ ነበር።

ይሁንና የሀገራቸው ጉዞ ከእነዚህ መመሪያዎች እየራቀ ሄደ። በ1930ዎቹ በጃፓን የጦር መሪዎች ተጽዕኖ እየበረታ መጣ። የፍልሚያ ጥበባት በትምህርት ቤቶች የሚሰጡትም ወጣቱን ለውትድርና ለማዘጋጀት ሆነ። ካኖ በዚህ ወቅት የዕድሜያቸውን የመጨረሻ ዓመታት የሰጡት እ.ኤ.አ የ1940ን ኦሊምፒክ ወደ ቶኪዮ ለማምጣት ነበር። ኦሊምፒክ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ወጥቶ የማያውቅ በመሆኑ ወደ እስያ መምጣቱ በእውነት የዓለም ሁሉ መድረክ ያደርገዋል የሚል ጽኑ እምነት ነበራቸው።

የዚህ ጥረት አንዱ ምዕራፍ ኢትዮጵያን የሚነካ ነው። በዚያን ዘመን ብዙ ኢትዮጵያውያን ምሁራን ጃፓንን በአርአያነት ይመለከቱ ነበር። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እ.ኤ.አ በ1931 ጃፓንን ጎብኝተው ያዩትን በመጽሐፍ አስፍረዋል። በዚያው ዓመት የወጣው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም የጃፓንን ሕገ መንግሥት መነሻ ያደረገ ነበር። እ.ኤ.አ በ1935 መጀመሪያ ግን የጃፓን ተወካዮች ሮም ሄደው ቤኒቶ ሙሶሊኒን አነጋገሩ፤ እርሱም የ1940ን ውድድር ለማዘጋጀት ያመለከተችው ሮም ለቶኪዮ እንድትለቅ ፈቀደ። በዚያው ዓመት ክረምት በሮም የጃፓን አምባሳደር ሀገራቸው በኢጣሊያና በኢትዮጵያ ጉዳይ ጣልቃ የመግባት ሐሳብ እንደሌላት ለሙሶሊኒ አረጋገጡ። ይህም ለኢትዮጵያ ያደሩ ብዙ ጃፓናውያንን አስቆጣ። የሮሙን ንግግር ያካሄዱት ሌሎች ቢሆኑም ካኖ የደከሙለት የወዳጅነት መድረክ በኃያላን ፖለቲካ መሐል መውደቁ አልቀረም።

የኢጣሊያ ጦር እ.ኤ.አ ግንቦት 5 ቀን 1936 አዲስ አበባ ገባ። ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ ሐምሌ 31 ቀን፣ የኦሊምፒክ ኮሚቴው በርሊን ላይ ባካሄደው ምርጫ ቶኪዮ ሄልሲንኪን 36 ለ27 በሆነ ድምፅ አሸነፈች። ካኖ ሕልማቸው እውን የሆነ መሰላቸው። በቀጣዩ ዓመት ሐምሌ ወር ግን ጃፓን በቻይና ላይ ሰፊ ጦርነት ከፈተች። ለቻይናውያን ትምህርት ቤት ከፍተው ያስተማሩት ሰው፣ የሀገራቸው ሠራዊት የተማሪዎቻቸውን ሀገር ሲወርር ለማየት በቁ።

በጦርነቱ ምክንያት ቶኪዮ ውድድሩን እንድትነጠቅ የሚጠይቁ ድምፆች በረከቱ። እ.ኤ.አ በመጋቢት 1938 ኮሚቴው ካይሮ ላይ ሲሰበሰብ የ77 ዓመቱ ካኖ ረጅሙን ጉዞ ተጉዘው በስብሰባው ተገኙ፤ ስፖርት ከፖለቲካ መለየት እንዳለበት ተሟግተውም ውሳኔው እንዲጸና አደረጉ። ከዚያም በአሜሪካ በኩል አድርገው ሂካዋ ማሩ በተባለች መርከብ ወደ ሀገራቸው ጉዞ ጀመሩ። ይሁን እንጂ በመንገድ ላይ በሳንባ ምች ታመሙ። ግንቦት 4 ቀን 1938፣ መርከቧ ዮኮሃማ ወደብ ለመድረስ ሁለት ቀን ሲቀራት፣ ባሕር ላይ እንዳሉ አረፉ። መርከቧ ዛሬ በዮኮሃማ ወደብ ሙዚየም ሆና ትገኛለች።

ካኖ ካረፉ ሁለት ወር ከጥቂት ቀናት በኋላ የጃፓን መንግሥት ውድድሩን ማዘጋጀቱን ተወ። የ1940 ኦሊምፒክም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት በየትኛውም ሀገር ሳይካሄድ ቀረ። ጃፓን እ.ኤ.አ በ1945 ስትሸነፍ ድል አድራጊዎቹ የፍልሚያ ጥበባትን የጦረኝነት መሣሪያ ናቸው በማለት ከትምህርት ቤቶች አገዱ። ለሰላም የታሰበው የካኖ ትምህርት የጦርነቱን ዕዳ አብሮ ከፈለ። ጁዶ ወደ ትምህርት ቤቶች የተመለሰው እ.ኤ.አ በ1950 ነው። በቀጣዩ ዓመት ዓለም አቀፉ የጁዶ ፌዴሬሽን ተመሠረተ፤ እ.ኤ.አ በ1956ም የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ቶኪዮ ላይ ተካሄደ።

እ.ኤ.አ በ1960 ኢትዮጵያዊው አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን ባሸነፈባት በሮም ከተማ፣ በዚያው የኦሊምፒክ ሰሞን የተሰበሰበው ኮሚቴ ጁዶ በ1964ቱ የቶኪዮ ኦሊምፒክ እንዲካተት ወሰነ። ካኖ ሳያዩት የቀሩት ውድድር ከ24 ዓመታት መዘግየት በኋላ ቶኪዮ ገባ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው፣ በሁለት ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ነጥብ 2 ሰከንድ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ። ካኖ የመጀመሪያውን ጃፓናዊ ማራቶን ሯጭ ወደ ስቶክሆልም ከወሰዱ ከ52 ዓመት በኋላ፣ የቶኪዮ ሕዝብ ለኢትዮጵያዊው ጀግና ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበ።

ከሁለት ቀን በኋላ በቡዶካን አዳራሽ የጁዶ የመጨረሻው ግጥሚያ ተካሄደ። ጃፓናውያን በሦስቱ የክብደት ምድቦች ወርቅ አግኝተው ነበር። ክብደት በማይለይበት ምድብ ግን ግዙፉ ሆላንዳዊ አንቶን ጌሲንክ አኪዮ ካሚናጋን መሬት ላይ ይዞ በማስቀረት አሸነፈው። የሆላንድ ደጋፊዎች በደስታ ሰክረው ወደ ምንጣፉ ሊሮጡ ሲሉ ጌሲንክ እጁን ዘርግቶ ከለከላቸው። የተሸነፈው ባልደረባው እስኪነሣና በሥርዓቱ ሰላምታ እስኪለዋወጡ ድረስም ጠበቀ። በአዳራሹ ያነቡ ጃፓናውያን ጥቂት አልነበሩም። ኋላ ላይ ግን ብዙዎች ያ ሽንፈት የካኖ ድል መሆኑን ተረዱ። ጥበቡ ከሀገሩ ወጥቶ የሌላ ሀገር ሰው ከነሥነ ሥርዓቱ የተካነበት፣ የዓለም ሁሉ ሀብት መሆኑ የተረጋገጠው በዚያ ቀን ነበርና።

እ.ኤ.አ ከ1972 ጀምሮ ጁዶ የበጋ ኦሊምፒክ ቋሚ ውድድር ለመሆን በቅቷል። ሴቶችም እ.ኤ.አ ከ1992 ጀምሮ ለሜዳሊያ ይወዳደራሉ። ካኖ የተወለዱበት ጥቅምት 28 ቀን በየዓመቱ የዓለም የጁዶ ቀን ሆኖ ይከበራል። እ.ኤ.አ በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ የጁዶ ውድድር ወደዚያው ወደ ቡዶካን አዳራሽ ተመልሷል። ኢትዮጵያም በዚሁ ኦሊምፒክ ከአትሌቲክስ ሌላ በቴኳንዶ ተወክላለች።

በጁዶ ሠልጣኞች ዘንድ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተረክ አንድ ወግ አለ። ካኖ ዕድሜያቸው በገፋ ጊዜ ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው ሲሞቱ ጥቁሩን ሳይሆን የጀማሪውን ነጭ ቀበቶ አስታጥቀው እንዲቀብሯቸው አደራ አሉ ይባላል። ወጉ ታሪክም ይሁን ተረት፣ የሰውየውን ሐሳብ በሚገባ ይገልጻል። ዛሬ በቦሌ ወይም በገርጂ አንድ ሕፃን ለመጀመሪያ ጊዜ ነጭ ቀበቶውን አጥብቆ ለባልደረባው ጎንበስ ሲል፣ የሚቀበለው ትምህርት ከማንም በላይ ስለመሆን የሚሰበክ አይደለም። ባልደረባን ሳይጎዱ መጣልን፣ ሳይጎዱ መውደቅን፣ ከወደቁም በኋላ መነሣትን የሚያስተምር ነው። ጂጎሮ ካኖ ለዓለም ያወረሱት ቅርስ ይኸው ነው።